የቤት ጌጥ ከየት ይመነጫል?

ከደብረ ብርሃን የበግ ጠጉር እስከ አንኮበር ኮረብታ

አዲስ ቤት ሠርቶ የገባን ሰው ወዳጅና ጎረቤት ሊጠይቀው ሲመጣ ከደጅ ቆሞ «ቤት ለእምቦሳ!» ይለዋል። ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል። በዚህች አጭር ምርቃት ውስጥ ስለ ግድግዳው ቀለም ወይም ስለ መጋረጃው ርዝመት የተነገረ ቃል የለም። የተመረቀው በቤቱ ውስጥ የሚወለደውና የሚያድገው ሕይወት ነው። አባቶቻችን ቤት ማለት በመጀመሪያ የሚኖሩበት፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚያዩት መሆኑን በዚህ አነጋገር አስረድተውናል።

ይሁን እንጂ ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መልክ መያዝ አለበት። ወንበሩ የት እንደሚቀመጥ፤ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ፤ ምን ዓይነት ቀለም ከምን ጋራ እንደሚስማማ መታሰብ አለበት። ይህንኑ ማሰብ ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች በዛሬው ጊዜ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን እየበዙ ሄደዋል። «ኢንቴሪየር ዲዛይነር» ይባላሉ፤ በአማርኛ የቤት ውስጥ ማስዋብ ባለሙያ ማለት ነው። ታዲያ እነዚህ ባለሙያዎች አሳባቸውን የሚቀዱት ከየት ነው? ጥያቄው የእነርሱ ብቻ አይደለም። ደመወዙን አጠራቅሞ አንዲት ክፍል ለማሳመር የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህን መጠየቁ አይቀርም።

ቀላሉ መልስ «ከሥዕል ነው» የሚል ነው። ቀድሞ ከውጭ አገር በሚመጡ መጽሔቶች፤ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ላይ በየደቂቃው የሚታዩት ያማሩ ቤቶች ቁጥር ስፍር የላቸውም። ሥዕል ማየት ነውር የለበትም። ነገር ግን ሥዕል የነገሩን መልክ ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። በሞቃት የባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ወለሉን በሴራሚክ ሲያለብስ እግሩ እንዲቀዘቅዝለት ብሎ ነው፤ በሩን ሰፊ አድርጎ ስስ መጋረጃ ሲሰቅልበትም የባሕሩ ነፋስ እንዲገባለት ፈልጎ ነው። ይህንኑ ሥዕል እንዳለ ቀድቶ ወደ ደጋ አገር ያመጣው ሰው ግን ጥፋቱን በታኅሣሥ ሌሊት እግሩ ይነግረዋል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ አጭር ነው። የቤት ጌጥ እውነተኛ ምንጩ የነገሩ መልክ ሳይሆን ነገሩን የወለደው ምክንያት ነው። ይህን ምክንያት የሚፈልግ ባለሙያ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ከአዲስ አበባ ማልዶ ተነሥቶ በሚደርስበት በሰሜን ሸዋ ብዙ ትምህርት ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።

ብርድ ያስተማረው እጅ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ስሟም በዚያ ዘመን ከሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን የመጣ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የዘመነ መንግሥታቸውን የመጨረሻ ዓመታት ያሳለፉትም በዚችው ከተማ ነው።

የአገሩ ብርድ የታወቀ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጧት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ለዚህ ብርድ መልስ የሰጠው በግ ነው። ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን ባለው በመንዝ የሚረባው በግ ሰውነቱ አነስተኛ፤ ላቱ ወፍራም፤ ጠጉሩም ሻካራ ሲሆን ብርዱንና የግጦሹን ማነስ የሚችል ብርቱ እንስሳ ነው። የአገሩ ሰው ከዚህ በግ ጠጉር ለመኝታው ባናና ዝተት፤ ለትከሻው ደግሞ በርኖስ ሲሠራ ኖሯል። በከተማይቱ የብርድ ልብስ ፋብሪካ መቋቋሙ፤ በእጅ የሚሠራው የሱፍ ምንጣፍም የደብረ ብርሃን መታወቂያ መሆኑ ከዚሁ ከጥንቱ ሙያ ጋራ የተያያዘ ነው።

የባና አሠራር ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። ጠጉሩ ከተሸለተ በኋላ ይታጠባል፤ ይነደፋል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ፈታይዋ ሴት፤ ሸማኔው ወንድ ነው። ሸማኔው ማጉን የሚወረውረው ከእጅ ወደ እጅ ስለ ሆነ የሥራው ስፋት ከክንዱ መዘርጋት አያልፍም። በዚህም ምክንያት ሰፊ ባና የሚገኘው ጠባብ ጠባቡ ተሸምኖ ጎን ለጎን ከተሰፋ በኋላ ነው።

የማስዋብ ባለሙያው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስተውል ይገባዋል። በባናው መካከል የሚታየው ስፌት ለማያውቅ ሰው እንደ ጉድለት ይታየው ይሆናል። ለሚያውቅ ሰው ግን ያ ስፌት የሰው ክንድ ልክ ነው። ባናውን ወለል ላይ ሲያነጥፍ ወይም ግድግዳ ላይ ሲሰቅል ስፌቱን ከመስኮቱ ወይም ከበሩ መስመር ጋራ ቢያስተካክለው ክፍሉ በሙሉ ሥርዐት ይይዛል። ፋብሪካ የማያወጣውን መስመር እጅ አውጥቶ ሰጥቶታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ቀለም ነው። የመንዝ በግ ጥቁር፤ ቡናማ፤ ነጭና ከእነዚህ የተደባለቀ ጠጉር አለው። ሸማኔው ጥቁሩን ከነጩ አጠላልፎ መስመር ሲያወጣ ቀለም ሳይነክር ነው። ይህ ቀለም በነከር ያልመጣ ስለ ሆነ በማጠብ አይለቅም። ደግሞም አካባቢውን የሚያይ ሰው እነዚህኑ ቀለሞች በምድሩ ላይ ያገኛቸዋል፤ ጥቁሩ የድንጋዩ፤ ቡናማው የታረሰው መሬት፤ ነጣ ያለው ደግሞ በበጋ የደረቀው ሣር መልክ ነው። የቀለም ወረቀት ይዞ ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚዞር ባለሙያ አንድ ቀን በደብረ ብርሃን ገበያ ቢውል ሳይጣሉ አብረው የሚኖሩ አራት አምስት ቀለሞችን በአንድ በግ ጀርባ ላይ አይቶ ይመለሳል።

ድንጋይና ጓሳ

ከበጉ ወደ በጉ ባለቤት ቤት እንግባ። በመንዝ ዛፍ ጥቂት፤ ድንጋይ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ የቆየው የመንዝ ቤት ግድግዳው ከድንጋይ የተካበ፤ ብዙውን ጊዜ ክብ፤ ጣሪያውም የሣር ክዳን ነው። ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ ቀን የሞቀው ሌሊት ቶሎ አይቀዘቅዝም። በሩ ጠባብ የሆነው ነፋስ እንዳይገባ ነው። መደቡ ከግድግዳው ጋራ ተያይዞ ከጭቃ የተሠራው እሳቱን ከብበው የሚቀመጡ ሰዎች ጀርባቸውን እንዲያስጠጉበት፤ ሌሊትም አጎዛና ባና አንጥፈው እንዲተኙበት ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ያለ ምክንያት የተቀመጠ ነገር አይገኝም ማለት ይቻላል።

መደቡን ብቻ እንውሰድ። ዛሬ በከተማ ቤት ውስጥ ትልልቅ ሶፋ ለማስገባት ሲባል በር የሚነቀልበት፤ ከገባም በኋላ መተላለፊያ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ከግድግዳው ጋራ የተያያዘ፤ ከላዩ የሱፍ ምንጣፍ የተነጠፈበት፤ ከሥሩ ዕቃ ማስቀመጫ ያለው መደብ ቢሠራ ቦታ ይቆጥባል፤ እንግዳም ያስቀምጣል። አሳቡ ከአያቶቻችን ቤት የተገኘ ስለ ሆነ ብቻ አሮጌ ነው አይባልም።

የሣር ክዳኑ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ክዳኑ የሚሠራበት ጓሳ የሚባለው ሣር በመንዝ ከፍተኛ ሥፍራ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ምድር ላይ ይበቅላል። ለቤት ክዳን፤ ለገመድ፤ ለዝናብ መከላከያ ለሚለበሰው ገሳም ያገለግላል። የአገሩ ሰው ይህን ሣር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዐት ሲጠብቅ ኖሯል። ባለ መብቶቹ የአስቦና የጌራ ትውልድ ነን የሚሉት ሲሆኑ ሥፍራው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ ሕጉን የጣሰም ይቀጣል። ይህ ሥርዐት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢቋረጥም ሕዝቡ ኋላ ላይ ጥበቃውን በሌላ መልክ አደራጅቶ ሥፍራው ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሆኗል። የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ መሆኑም ስሙን በውጭው ዓለም ሳይቀር አሰምቶለታል።

ይህን ሁሉ መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ክዳን አምሮ እንዲታይ በስተጀርባው የግጦሽ ሕግ፤ የጎረቤት ስምምነትና የብዙ ዓመት ትዕግሥት ነበረበት። የማስዋብ ባለሙያም አንድን ዕቃ ከማዘዙ በፊት «ይህ ነገር ከየት መጣ? ሲያልቅስ ማን ይተካዋል?» ብሎ መጠየቅን ከዚህ ይማራል።

እርግጥ ነው፤ ዛሬ በገጠሩ ሳይቀር የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ነው። ሰው ቆርቆሮ በመምረጡ አይወቀስም። የሣር ክዳን ቶሎ ቶሎ መታደስ ይፈልጋል፤ እሳትም ያሰጋዋል። ነገር ግን ቆርቆሮ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ዝናብ ሲመታውም ንግግር አያሰማም። ባለሙያው የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። «ሣሩ ይመለስ» ማለት ሙያ አይደለም፤ ሣሩ ይሠራ የነበረውን ሥራ በቆርቆሮው ሥር በሚሠራ ጥሩ ኮርኒስ፤ ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ በተሠራ ንጣፍ መመለስ ግን ሙያ ነው።

የሣህለ ሥላሴ አዳራሽ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደጋው በድንገት ይቆረጣል። በገደሉ አፋፍ ላይ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር ትገኛለች። ከኮረብታዋ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ቆላውን እስከ አፋር በረሃ ድረስ ያያል።

«የውጭ ዕቃ ቤታችንን አበላሸው» የሚለው ወቀሳ በዘመናችን በብዛት ይሰማል። የአንኮበር ታሪክ ግን ነገሩን በሌላ ዐይን እንድናየው ያደርገናል። ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም. በሸዋ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ በ1836 ዓ.ም. በሎንደን ባሳተመው መጽሐፉ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተቀበሉትን አዳራሽ ገልጾ ጽፏል። እንደ ጽሑፉ አዳራሹ ክብ ነበር፤ በግድግዳው ላይ በብር ያጌጡ ጌጣጌጦች፤ ጋሻዎችና ጠመንጃዎች ተሰቅለዋል፤ ወለሉ ደግሞ ልዩ ልዩ መልክና መጠን ባላቸው የፋርስ ምንጣፎች ተሸፍኗል። መልእክተኛውም በበኩሉ ካመጣው ገጸ በረከት መካከል በአውሮፓ ብራስልስ የሚባለው ዓይነት ትልቅ ምንጣፍና የካሽሚር ሻል ይገኙበት ነበር።

እንግዲህ ከ180 ዓመት በፊት በአንኮበር አካባቢ የፋርስና የአውሮፓ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር ማለት ነው። ሆኖም አዳራሹ የፋርስ አዳራሽ አልሆነም። ክብነቱ የአገሩ ቤት ክብነት ነው። በግድግዳው ላይ ጋሻው የተሰቀለው የቤቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ለሚገባው ሁሉ እንዲናገር ነው። የባሕር ማዶው ምንጣፍ መጥቶ ከዚህ ሥር ተነጠፈ፤ እንግዳ ሆኖ ገባ፤ በእንግዳ ቦታውም ተቀመጠ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። የውጭ ዕቃ መግባቱ ቤትን አያጠፋም፤ ቤቱ ራሱን የሚያውቅ ከሆነ እንግዳውን ያስተናግዳል። ራሱን የማያውቅ ቤት ግን በአገር ዕቃ ብቻ ቢሞላም የዕቃ መጋዘን ከመሆን አያልፍም።

ከአንኮበር በታች በቆላው በኩል አልዩ አምባ የሚባለው የገበያ ሥፍራ አለ። በዚያ ዘመን የሐረር ነጋዴዎች ሳይቀሩ የሚውሉበት፤ ደገኛውና ቆለኛው የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበር። በዚሁ አካባቢ የሚኖሩት አርጎባዎች በጥጥ ሽመናቸው የታወቁ ናቸው። የመልክዐ ምድሩን ነገር ልብ እንበል፤ ከላይ ደጋው የበግ ጠጉር ይሰጣል፤ ከታች ቆላው ጥጥ ይሰጣል። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ነው። ወፍራሙና ጥቁሩ ሱፍ፤ ስሱና ነጩ ጥጥ። ከባድ የሱፍ ምንጣፍ በወለል ላይ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ የጥጥ መጋረጃ በመስኮት ላይ ቢደረግ፤ ይህን ማጣመር የፈለሰፈው መጽሔት ሳይሆን የአንኮበር ዳገት ነው።

ከዐፄ ምኒልክ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ዛሬ የሚታየው የግንብ ፍራሽ ብቻ ነው። በዚያው ኮረብታ ላይ ግን የቀድሞውን ቤተ መንግሥት አሠራር እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ስለሚገኝ ተመልካች የጥንቱን ቅርጽ ገምቶ ለማየት ይችላል።

ከአንኮበር የወጣው ብርሃን

የአንኮበር ነገር ከተነሣ ሜትር አርቲስት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሎሬት አፈወርቅ በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ሥነ ጥበብ ዞረው በሎንደን ስሌድ በተባለው የታወቀ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ከዚያም በአውሮፓ አገሮች ሲዘዋወሩ ያጠኑት የአውሮፓን ሥዕል ብቻ አልነበረም። በሎንደን፤ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን በሥዕል ያጌጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ፈልገው ተመልክተዋል። ሌላው ሰው ባሕር ተሻግሮ የሌላውን ሲያይ እርሳቸው ባሕር ተሻግረው የራሳቸውንም አዩ ማለት ነው።

ከዚህ ጥናት በኋላ የሠሩትና ዓለም ያወቀው ሥራ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የመስተዋት ላይ ሥዕል ነው። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ፤ በቅርቡም ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደ ገና ለአገልግሎት በቅቷል። ወደ መተላለፊያው የገባ ሰው የሚያየው ሥዕሉን ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ በሥዕሉ ውስጥ አልፋ የምታመጣው ቀለም በወለሉም በሰዎቹም ላይ ሲያርፍ ያያል። እዚህ ላይ ጌጡ መስተዋቱ ነው ወይስ ፀሐይዋ ናት?

ሎሬት አፈወርቅ በአዲስ አበባ «ቪላ አልፋ» ብለው የሰየሙትን መኖሪያና የሥራ ቤታቸውን የነደፉትም ራሳቸው ናቸው። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የኖሩትና የሠሩት በዚያው ነበር። የቤትን መልክ ከባለቤቱ አሳብ ለይቶ ከሱቅ መግዛት እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ከእርሳቸው ሥራ ለተራው ሰው የሚተርፈው ትምህርት የብርሃን ነገር ነው። መስኮት ከመጋረጃ በፊት ይታሰባል። በደጋ አገር የመቀመጫ ክፍል የጧት ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ ክፍሉ ይሞቃል፤ የሱፉም ቀለም ሕይወት ያገኛል። ይህ ጌጥ ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚጠይቀው ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ቦታው ላይ ማልዶ መቆምን ብቻ ነው።

ጭቃም ይናገራል

«ይህ ሁሉ ለባለ ሀብትና ለሠዓሊ ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር በአዲስ አበባ መካኒሳ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተውን የዞማ ሙዚየምን ይመልከት። የሥነ ሰብእ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ይህን ሥፍራ ያቋቋሙት በጥንቱ የጭቃ ቤት አሠራር ነው። ጭቃና ጭድ ተቦክቶ የተለሰነው ግድግዳ ቀለም ሳይቀባ በእጅ በወጣ ቅርጽ አምሮ ይታያል። ጭቃ በአገራችን የድኃ ቤት ምልክት ተደርጎ የሚታይ ነገር ነው። እዚያ ግን የውጭ አገር አርክቴክቶች ሳይቀሩ ሊያዩት የሚመጡ ሥራ ሆኗል። የተለወጠው ጭቃው አይደለም፤ ጭቃውን ያየው ዐይን ነው።

ሸማኔው ካልኖረ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው ነገር ገና አልተነሣም። ባናውን የሚሠራው ሰው እያነሰ ነው። በደብረ ብርሃን ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ተቋቁመዋል፤ ወጣቱ በየወሩ ቁርጥ ደመወዝ ወደሚያገኝበት ቢሄድ የሚያስወቅሰው አይደለም። ከውጭ የሚመጣው ለስላሳ የፋብሪካ ብርድ ልብስም ዋጋው ይቀንሳል፤ ክብደቱም ይቀልላል። እናት ስትፈትል ያላየች ልጅ መፍተል አትለምድም። በአንድ ቤት ውስጥ እንዝርት ከቆመ በኋላ ያን የጣት ዕውቀት ከመጽሐፍ አንብቦ መመለስ አይቻልም።

ከሌላው አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በሞሮኮ በአትላስ ተራራ የሚኖሩት ቤኒ ወራይን የሚባሉት ጎሣዎች እንደ መንዝ ሰው ደገኞችና በግ አርቢዎች ናቸው። ለብርዳቸው ሲሉ ካልተነከረ ነጭ ሱፍ ጥቁር መስመር ያለበት ወፍራም ምንጣፍ ሲሠሩ ኖረዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ የታወቁ አርክቴክቶች ይህን ምንጣፍ በአዳዲስ ቤቶች ውስጥ ማንጠፍ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ይሁን እንጂ መልኩን የቀዱ ፋብሪካዎች በርካሽ እያወጡ ስለሚሸጡት ከዝናው የሚገኘው ጥቅም ሁሉ ለተራራዋ ሸማኔ ይደርሳል ማለት አይቻልም። መልኩ ከምክንያቱና ከሠሪው ሲለይ የሚሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ በእኛ አገር የማስዋብ ባለሙያው ሥራ አሳብ መቅዳት ብቻ ሳይሆን ለአሳቡ ምንጭ ውኃ መመለስም ነው። ይህም በሚከተለው መንገድ ሊሆን ይችላል።

አንደኛ፤ ትእዛዝ አስቀድሞ መስጠት ነው። በእጅ የሚፈተል ሱፍ በሳምንት አይደርስም። ቤቱ ገና ሲገነባ የክፍሉን ልክ ወስዶ ለሸማኔው የሚሰጥ ባለሙያ ሁለቱንም ይጠቅማል፤ ሸማኔው ሥራ እንዳለው አውቆ ይሠራል፤ ደንበኛውም በልኩ የተሠራ ነገር ያገኛል።

ሁለተኛ፤ ዋጋ ሲነጋገሩ ፈታይዋን አለመርሳት ነው። ሸማኔው በገበያ ይታያል፤ ፈታይዋ ግን ከቤት ስለማትወጣ ትረሳለች። ድሩ ያለ እርሷ አይዘረጋም።

ሦስተኛ፤ አሮጌ ባና ወይም በርኖስ አግኝቶ ለትራስ ልብስ መቀደድን መተው ነው። አሮጌው ለአዲሱ ሸማኔ መማሪያ ነው፤ ሙሉውን ሰቅሎ ማሳየት ይሻላል።

አራተኛ፤ የእጅ ሥራንና ቅርስን መለየት ነው። ለሳሎን ጌጥ ተብሎ የብራና መጽሐፍ፤ ጥንታዊ መስቀል ወይም የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት መግዛትና መሸጥ ጌጥ ሳይሆን ጥፋት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የወጣውም ቅርስ ከቦታው እንዳይነሣና ከአገር እንዳይወጣ ለመጠበቅ ነው። አዲስ ባና ያዘዘ ሰው ሸማኔ ያኖራል፤ አሮጌ መስቀል የገዛ ሰው ግን አንድ ደብር ያራቁታል።

ለቤት እመቤትና ለአባወራ

ባለሙያ ለመቅጠር አቅም የሌለው ቤተሰብም ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ሶፋው ፊት ለፊት አንድ የሱፍ ምንጣፍ ይንጠፍ፤ ለዐይንም ለእግርም ነው። ግድግዳው ብዙ ሥዕል አይፈልግም፤ አንድ ሰፌድ ወይም አንድ ባና በንጹሕ ነጭ ግድግዳ ላይ ብቻውን ሲሰቀል ከአሥር ትንንሽ ጌጥ ይበልጣል። መሶብና ሙዳይ ከመስተዋት ሣጥን ውስጥ ወጥተው በሥራ ይዋሉ፤ ዕቃ የሚያምረው ሲሠራበት ነው። ሱፍ ግን ጠላት አለው፤ ብል ይበላዋል። ስለዚህ በየጊዜው አውጥቶ ማራገፍና ፀሐይ ማስመታት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ዕቃ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት «ይህ ነገር በቤታችን ምን ይሠራል? ከማን እጅ መጣ?» የሚለው ጥያቄ ይቅደም። ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ያለው ዕቃ ዋጋው ትንሽም ቢሆን ቤቱን ያከብረዋል። በደጋው ላይ ዛሬም በግ ይሸለታል፤ በአንዳንድ ቤትም እንዝርት ይሽከረከራል። ይህ ሙያ ለልጆቻችን ይደርስ እንደ ሆነ የሚወስነው ፈታይዋና ሸማኔው ብቻ አይደሉም፤ በየከተማው አዲስ ቤት ሠርተን ሳሎናችንን ምን እናልብሰው ብለን የምናስበው ሰዎች ጭምር ነን።